ሃምሳኛዋ እርምጃ እና የጓሮዋ ክፍል

ቼዝ ያስተማረኝ ሰው የለም። ብየዳም ያስተማረኝ የለም። ሁለቱንም እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትን ደግሜ እየሠራሁ ነው የያዝኳቸው። ከ18 ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት የምሠራበት ቤት አለኝ። የቼዝ ጠጠሮቼን የሠራሁትም እዚያው፣ ከወዳደቀ ብሎንና ዳዶ ነው። ዳዶዎቹ ወታደሮች ሆኑ። ረጃጅሞቹ ብሎኖች ንጉሥና ንግሥት ሆኑ። ፈረሶቹን ከቱቦላሬ ቁራጭ ስበይድ ጆሯቸው ረዘመ፣ አፋቸው ሾለ፤ ባለቤቴ ካየቻቸው ቀን ጀምሮ "ፍየሎችህ" ነው የምትላቸው። ሰሌዳው ላሜራ ስለሆነ ጠጠር ሲቀመጥበት ይጮኻል። እኔ ይህን እወድለታለሁ። ሰው የወሰነውን ሲያስቀምጥ ድምፁ ቢሰማ ጥሩ ነው።

ልጆቼን ያሳደግኩት በአንድ ደንብ ነው፤ የተጀመረ ነገር ይጨረሳል። ትንንሽ ሳሉ ቼዝ ላይ መሸነፋቸው ሲገባቸው ሰሌዳውን ገፍተው ሊነሱ ይሞክሩ ነበር።

"ማት ሆነ?" እላለሁ፤ ንጉሡ ማምለጫ አጣ ወይ ማለቴ ነው።

"አልሆነም፤ ግን መሸነፌ ነው።"

"ካልሆነ ተቀመጥ።"

አቻ እንባባል የሚባል ነገርም በቤታችን አልነበረም። ሁለት ሰው ጉልበት እያለው ተስማምቶ ሥራ ሲያቆም እኔ ስምምነት ሳይሆን ስንፍና ነው የሚታየኝ። ይህን ያህል ጥብቅ መሆን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለሚለው ልጆቼ የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

ትልቋ ልጄ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች። በዚያች የብረት ሰሌዳ ላይ ተሸንፋ ተሸንፋ፣ አንድ ቀን አሸነፈችኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔን ማሸነፍ ስለሰለቻት ይሆናል፣ ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሷ ጻፈች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ፕሮግራም መጻፍ ታስተምራለች። የምታስተምረው ሳሎናችን ውስጥ ነበር። የሶፋው መደገፊያ ላይ ልጅ፣ ምንጣፉ ላይ ልጅ፣ በየግድግዳው የቻርጀር ገመድ። ባለቤቴ ከጓዳ ወደ ደጅ ለመውጣት እግሯን ከፍ እያደረገች ነበር የምትራመደው።

"ሳሎኔ እኮ ፌርማታ ሆነ" ትላለች። "ትኬት ልቁረጥ እንዴ?"

ግቢያችን ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ አንድ የሰርቪስ ክፍል አለች። በዚያ ጊዜ የሞላት የእኔ ብረት ነበር፤ የቱቦላሬ ቁራጭ፣ የላሜራ ጥራጊ፣ ደንበኛ አዝዞ ያልወሰደው የመስኮት ፍሬም፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር ይሆናል ብዬ ያስቀመጥኩት ሁሉ። ልጄ ያቺን ክፍል ፈለገች።

"አባ፣ የጓሮዋን ክፍል ስጠኝ። ልጆቹን እዚያ ላስተምር።"

"ብረቱስ?"

"ሽጠው።"

"ይሠራበታል እንጂ አይሸጥም።"

"መቼ?"

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ጥያቄዋን በየሳምንቱ ታነሳው ነበር፤ እኔም በየሳምንቱ እምቢ እላለሁ። በዚህ መሃል የሰፈሩ ወጣቶች ፕሮግራሞቻቸውን እርስ በርስ የሚያጋጥሙበት ውድድር ሊያዘጋጁ መሆኑን ነገረችኝ። ሰው አይጫወትም፤ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ይጫወታል፣ ሰው ተቀምጦ ያያል። ሥራ ጀምራ የምትጨርስ መሆኗን የማይበት አጋጣሚ ነው አልኩ በልቤ።

"አንደኛ ከወጣሽ ክፍሉ ያንቺ ነው" አልኳት። "ካልወጣሽ ብረቱ ባለበት ይቆያል፤ ወሬውም ያበቃል።"

"ቃል?"

"ቃል።"

"ምስክር ነኝ" አለች ባለቤቴ ከጓዳ። ምስክርነቷንም በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

ወጣቶቹ ቦታ ሲፈልጉ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በመዘምራን ልምምድ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ወደ ዕድራችን መጡ። የዕድራችን አዳራሽ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ድንኳኑና ድስቶቹ ከአንድ ጥግ የተቆለሉበት፣ አግዳሚ ወንበር የማይጎድለው ቤት ነው። እኔ የዕድሩ ዳኛ ነኝ። ጸሐፊያችን 18 ማዞሪያ ላይ ዘይትና ስኳር የሚነግድ የረጅም ዘመን ጓደኛዬ ነው፤ የእሱም የእኔም ወላጆች ከደቡብ ምዕራብ ነው የመጡት፣ እኛ ግን ያደግነው እዚሁ ኮልፌ ነው። የእሱ ልጅም ፕሮግራም ጽፎ ሊወዳደር ተመዝግቧል፤ የውድድሩን ደንብ ያረቀቀውም ይኸው ልጅ ነው።

በዕድራችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። በአዳራሹ ለሚደረግ ማንኛውም ነገር ደንቡ በአባላት ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ክርክር ካለ ይሰማል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። እጅ የወጣበት ደንብ እስከሚቀጥለው ስብሰባ አይነካም፤ ዳኛውም ቢሆን አይነካውም። ድሮ በሐዘን መሃል ደንብ ስንቀያይር ሁለት ቤተሰብ ተኳርፎብን ነው ይህን የያዝነው። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ባለው የዕድር ስብሰባ ወጣቶቹ ደንባቸውን ይዘው ቀረቡ። የጸሐፊው ልጅ ቆሞ ማንበብ ጀመረ።

"ሁለቱም ፕሮግራሞች ለተወሰኑ ተከታታይ እርምጃዎች ጨዋታው እኩል ነው ብለው ከገመቱ፣ ጨዋታው ቆሞ አቻ ይባላል።"

"ገማቹ ማን ነው?" አልኩ።

"ራሳቸው ፕሮግራሞቹ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ተጫዋቾቹ ራሳቸው?"

"አዎ። ዝም ብሎ ጊዜ እንዳይባክን ነው።"

"ኮምፒውተር ይደክመዋል?"

"ኧረ አይደክመውም።"

"ታዲያ ምን ያስቆመዋል? ይጫወት!"

አዳራሹ ሳቀ። ደንቡ ተሰረዘ። ልጁ ትንሽ ፊቱ ቀላ፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀጠለ። ቀጣዩ ደንብ ዳታቤዝ ስለሚሉት ነገር ነበር። ነገሩን ለሽማግሌዎቹ ሲያስረዳ እኔም በደንብ ገባኝ። ሰሌዳው ላይ አምስት ወይም ከዚያ ያነሰ ጠጠር ሲቀር፣ ሊኖር የሚችለው አቀማመጥ ሁሉ አስቀድሞ ተሰልቶ ያለቀ ነው። ኮምፒውተሮች ከማት ተነስተው ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያሉ ቆጥረው ለእያንዳንዱ አቀማመጥ መልሱን አስቀምጠዋል፤ ይህ ያሸንፋል፣ ይህ ይሸነፋል፣ ይህ አቻ ነው። ግምት የለበትም። ስለዚህ፣ አለ ልጁ፣ አምስት ጠጠር ሲቀር ጨዋታው ይቁምና ዳታቤዙ ያለው ውጤት ይመዝገብ።

"ይህ ዳታቤዝ የምትለው ምስክር የት ነው ያለው?" አልኩት።

"እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ።"

"ጨዋታውን አይቶታል?"

"ሁሉንም ጨዋታ አይቷል፣ ጋሼ። ገና ያልተጫወትነውንም ጭምር።"

"ያልተጫወትነውን ያየ ምስክር በዚህ ዕድር አንቀበልም።"

ሳቁ የባሰ ሆነ። ጸሐፊው ብዕሩን ጥሎ ጉልበቱን መታ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሴን በጣም ብልህ አድርጌ አየሁት። ልጄ ግን ከኋላ ተነሳች።

"አባ፣ ዳታቤዙ አይሳሳትም እኮ።"

"ባይሳሳትም። በር ሊዘጋ ነው ማለትና ተዘጋ ማለት አንድ አይደለም። ፕሮግራሞቻችሁ ለመጫወቻ ከፈለጉት ያማክሩት፤ ጨዋታ ግን አያስቆምም።"

"በኋላ እንዳይቆጭህ።"

"እኔን?"

"አንድ ሰው።" ብላ ተቀመጠች።

የመጨረሻው ደንብ የቼዝ የራሱ ሕግ ነው። ሃምሳ እርምጃ ሙሉ ጠጠር ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይነቃነቅ ካለፈ ጨዋታው አቻ ነው። ሁለቱም ወገን እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ወደድኩት። ሰው ሠራሁ ለማለት የሆነ ነገር ማሳየት አለበት፤ ሃምሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ብሎ ምንም ያልለወጠ ይቁም። ይህን ስል ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። በራሴም አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የመጨረሻው ጨዋታ በቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን በእኔ የብረት ሰሌዳ ላይ፣ በእጅ እየተንቀሳቀሰ ይታይ አልኩ፤ ከኋላ ያለ ሰውም ድምፁን ይሰማል። እጅ ወጣ። የልጄ እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ለሐዘን ምግብ የምናቀርብባቸው ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ላፕቶፖች ተደረደሩ፣ ጸሐፊው ከቤቱ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። ከአዛውንቶቹ መካከል ስብሰባ ነው ብለው የመጡም ነበሩ፤ ከመጡ በኋላ ግን ማንም አልተመለሰም። አንዲት የዕድራችን እናት ሁለት ላፕቶፖች ፊት ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣

"እንዲያው ማንኛው ነው አሁን የሚያስበው?" አሉኝ።

"ይህኛው ነው፣ እማማ።"

"ላቡ የለ፣ ግንባሩ የለ፣ በምን አወቅህ?"

ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው።

የሰረዝኩት የመጀመሪያው ደንብ ለምን እንደተጻፈ የገባኝ ከምሳ በፊት ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ወታደሮቻቸው ተቆላልፈው፣ ማንም ማንንም ሊነካ በማይችልበት ሁኔታ ንጉሦቻቸውን ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ጀመሩ። አንድ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ አቻ ስለሚሆን ደግሞ፣ እንዳይደገም መንገድ ይቀያይራሉ፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ሃምሳው እስኪሞላ ሁላችንም ቁጭ ብለን አየን። ሕፃናት ተኙ።

"ዳኛው" አለኝ ጸሐፊው፣ "ባንተ ደንብ ምሳችን ሊያልፈን ነው።"

"እጅ ወጥቶበታል" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ። ልጁ ግን ልክ ነበር፤ ደንቡ የስንፍና ሳይሆን የሆድ ደንብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ጨዋታ የቀረው በልጄና በጸሐፊው ልጅ ፕሮግራሞች መካከል ነው። ሁለቱ እኩል ነጥብ ይዘዋል። ያሸነፈ ብቻውን አንደኛ ይሆናል፣ አቻ ከወጡ አንደኝነቱን ይካፈላሉ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ ስለ ጓሮዋ ክፍል ያውቃሉ። እኔ የብረት ሰሌዳዬን ከፊቴ አድርጌ፣ በቴሌቪዥኑ የሚወጣውን እርምጃ በእጄ እደግማለሁ። ወጣቶቹ እጄ እንዲደርስ ማሽኖቹን አዘግይተውልኛል።

ጠጠሮቹ እየተበሉ ሄዱ። ንግሥቶቹ ወጡ፣ ወታደሮቹ ተራ በተራ አለቁ። የመጨረሻው ዳዶ ከሰሌዳው ሲነሳ የቀረው አምስት ጠጠር ነበር። የልጄ ንጉሥ ከሁለት ቢሾፖቹ ጋር፤ ቢሾፕ በሰያፍ የሚሄደው ነው፣ አንዱ በነጩ አንዱ በጥቁሩ መስመር። በወዲያ በኩል የጸሐፊው ልጅ ንጉሥና አንድ ፈረስ።

ወጣቶቹ ወዲያው ዳታቤዙን ከፈቱ። ጩኸት ሆነ። ልጄ ታሸንፋለች! ባለቤቴ ብድግ ብላ እልል አለች። የጸሐፊው ልጅ እጁን ዘርግቶ ወደ ልጄ ሄደ።

"ማት ሆነ?" አልኩት።

"አልሆነም፣ ጋሼ፣ ግን..."

"ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ልጄን አየኋት። ደስ ያላት አትመስልም። ጎንበስ ብዬ "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"አባ፣ እውነት ነው፣ ያሸንፋል። ግን ሩቅ ነው። ፈረሱን ለመያዝ ከሃምሳ እርምጃ በላይ ይፈልጋል።"

"የሱ ፕሮግራም ቢሳሳትስ?"

"አይሳሳትም። ዳታቤዙ እሱም ጋ አለ። ያንተው ፈቃድ ነው፣ ለመጫወቻ ያማክሩት ያልከው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ወጣቶቹ በጻፉት ደንብ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እዚህ ላይ ቆሞ ልጄ አንደኛ ወጥታ ነበር። በእኔ ደንብ ግን እስከ ሃምሳ እንጫወታለን፤ ሃምሳው ደግሞ ከማሸነፏ በፊት ይሞላል። ይህ በመቶ ጨዋታ ውስጥ አንዴም አይገጥም ይሆናል። እኛን ገጠመን።

"እንቀጥል" አልኩ። ቢሾፑን አንስቼ አስቀመጥኩ፣ ፈረሱም ተከተለ። ላሜራው ጮኸ።

"አንድ!" አለ አዳራሹ።

እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! ሁለቱ ቢሾፖች እንደ ሁለት ዘበኛ ከሩቅ ቆመው መንገዱን ሁሉ በሰያፍ ይዘጋሉ፣ ንጉሡ ከመሃል ቀስ እያለ ይጠጋል። ፈረሱ ዘሎ ያመልጣል። ዘወር ይላል፣ የራሱ ንጉሥ ጉያ ይገባል፣ ደግሞ ይዘላል። ቼዝ የማያውቁትም ሳይቀሩ ወገን ያዙ። ጸሐፊው ጃኬቱን አውልቆ "የኔ ፍየል አትያዝም!" ይላል። ባለቤቴ "እንዲያውም ዛሬ ወጥ ናት!" ትመልስለታለች። ቅድም ማን ነው የሚያስበው ያሉኝ እናት ለፈረሱ አዝነው "ሩጥ ልጄ፣ ሩጥ" ይሉታል። ቁጥሩን አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይጠራል።

አርባን ሲያልፍ የጸሐፊው ልጅ እንደገና ተነሳ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። እኔ እስማማለሁ። ዳታቤዙ ያለው ይጻፍልኝ። እሷ አሸንፋለች።"

"ቁጭ በል አንተ!" አለው አባቱ። "ማን ጠየቀህ?"

ከኋላ አንዱ ጮኸ። "ዳኛው እኮ ብረቱን ለማዳን ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴ ራሷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ጠጠር በእጄ ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ለልጆችህ ታዳላለህ ተብዬ አውቃለሁ፤ ለቱቦላሬ ታዳላለህ ስባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። የባሰው ነገር ደግሞ ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ውስጤን ስፈትሽ ልጄ እንድታሸንፍ የሚፈልግ አባት አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ያ የመስኮት ፍሬም ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጨነቅ ብረት ሠራተኛ አለ። በዚህ ልብ ደንብ ልለውጥ? ብለውጥ ለሴት ልጁ ሲል ነው ይባላል፣ ባልለውጥ ለብረቱ ሲል ነው ይባላል። የሰው አፍ በሁለቱም በኩል ተከፍቶ ሲጠብቅ፣ እጅ የወጣበትን ነገር ከመያዝ ውጪ ሌላ መሄጃ የለም። ቢሆንም ልጄን ጠየቅኳት።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው።

"እጄን አውጥቻለሁ። ቁጠሩ።"

ጠጠሩን ሳስቀምጥ ከሌላው ጊዜ አጥብቄ ሳላስቀምጥ አልቀረሁም።

"አርባ ስምንት! አርባ ዘጠኝ!"

ሃምሳኛዋ እርምጃ የፈረሱ ነበረች። ዘሎ ከጥግ አመለጠ፤ ገና በሕይወት አለ። እጄን ከሰሌዳው አንስቼ "አቻ ነው" አልኩ። ጸሐፊው ዘሎ ልጁን አቀፈው። ሴቶቹ በእኔ ላይ አጉረመረሙ። ልጄና የጸሐፊው ልጅ ተጨባበጡ፤ ከዚያ ሁለቱ ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማሽኖቹን ከሰሌዳው ውጪ፣ ለማወቅ ብቻ፣ ቀጥሉ አሏቸው። አዳራሹ ወንበር ሳይሰበስብ ቆሞ አየ። ጥቂት እርምጃዎች ቆይቶ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ ፈረሱ ተያዘ።

"ኡ!" አለ ሰው ሁሉ።

ዳኛ ሆኜ መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ። ምስክሩ እውነት ተናግሯል፤ በስብሰባ ላይ ስቄበታለሁ፣ ሳቄን እመልሳለሁ አልኩ። ደንቡም ግን ልክ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ዳታቤዙ የሚያውቀው ጊዜ ባያልቅ ማን እንደሚያሸንፍ ነው። ለእኛ ጊዜ ያልቃል። ቀጠሮ አለ፣ ደንበኛ አለ፣ የሚመሽ ቀን አለ። ትክክል የሆነ ሰው ሁሉ በጊዜው አይደርስም፤ ስላልደረሰ ግን ትክክል አልነበረም ማለት አይቻልም። ለልጆቼ ይህን ሁለተኛውን ነገር ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ጨርሱ ብቻ ነበር የምላቸው።

ማታ ራት ላይ ልጄ ጀመረች።  

"አባ፣ አንደኛ ወጥቻለሁ አልወጣሁም?"

"ከሌላ ሰው ጋር።"

"ብቻሽን አላልክም።"

"ከሰው ጋርም አላልኩም።"

"ምስክር ይጠራ" አለች ባለቤቴ። "እኔ የሰማሁት 'አንደኛ ከወጣሽ' ነው። ስንት ሰው ሆነሽ የሚል አልሰማሁም።"

"ምስክሯ የልጅቷ እናት ናት" አልኩ።

"ዳኛው የብረቱ አባት ነው" አለች።

ትንሿ ልጃችን ውሃ ትን አላት። እኔም አልቻልኩም፣ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ መቆጣት አይቻልም፤ ስለዚህ አሰብኩ። አቻ ማለት ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ነው። ቃሌ ለሙሉ አንደኝነት ሙሉ ክፍል ነበር። ለግማሽ አንደኝነት ግማሽ ክፍል። ይህን ስል ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ዕድሜ ልክህን እንዲህ ነው የምትኖረው?"

"ፍትሕ ነው።"

ልጄ ግን "ተቀብያለሁ" አለች። በፍጥነት።

በማግስቱ ከቸርች ስንመለስ ሜትርና ጠመኔ ይዤ ወደ ጓሮ ገባሁ። ክፍሏን ለካሁ፣ በትክክል መሃል ላይ መስመር አሰመርኩ። የወዲህኛው የእኔ፣ የወዲያኛው የልጄ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀች።

"አባ፣ በሩ የማን ግማሽ ውስጥ ነው ያለው?"

በሩ ከእኔ ግማሽ ውስጥ ነበር።

"እና ተማሪዎቼ በምን ይግቡ? በቱቦላሬው ላይ እየዘለሉ?"

ባለቤቴ ከልብስ ማስጫው በኩል "እንደ ፈረሱ!" አለች።

ይኸው፣ ሙያዬ በር ሆኖ ሳለ ክፍል ስከፍል በር ረሳሁ። ቢሆንም መፍትሔው እጄ ላይ ነበር። የእሷ ግማሽ ግድግዳ ወደ ግቢው መግቢያ የሚያይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ይከፈታል። በር ደግሞ ብረት ነው፣ ብረት ሞልቷል። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ እዚያ ነበርኩ። የጸሐፊው ልጅ በሁለተኛው ቀን መጥቶ፣

"ጋሼ፣ እኔም ግማሽ አንደኛ ነኝ። የኔስ ግማሽ የት ነው?" አለኝ።

"ያንተን አባትህ ጋ ጠይቅ። ከዘይቱ ጀርባ ይሰጥህ።"

ስቆ ሸሚዙን አወለቀና ብሎኬት ማንሳት ጀመረ። ከልጄ ጋር ሆኖ ሊያስተምር እንደሚፈልግ የነገረኝ ወደ መጨረሻው ቀን ነው። ዘነበወርቅ ሰፈር ላለ ደንበኛ ከሠራሁት በር የማያንስ በር ሠራሁ። ያ ማንም ያልወሰደው የመስኮት ፍሬም ከላዩ ገባ፤ ለብርሃን። የእኔ ግማሽ ውስጥ የነበረው ክምር በጣም ስለቀነሰ ባለቤቴ አንድ ቀን እዚያ ቆማ በዓይኗ ስትለካ አይቻታለሁ። 

ቀጣዩ ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። ሳሎን ባዶ ነበር። እኔ ከማጠፊያው የሚጮህ ድምፅ የሰማሁ ስለመሰለኝ የዘይት ጣሳዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ የልጄ ድምፅ ይሰማል፣ የሆነ ነገር እያስረዳች ነው፤ ልጆቹም ይመልሳሉ። እጄ እጀታው ላይ ነበር። ግቢው የኔ ነው፣ በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ በር አንኳኩቼም አላውቅም። እጄን ከእጀታው አነሳሁና አንኳኳሁ።

"ማን ነው?" አለች።

"ዳኛው።"

 ውስጥ ሳቅ ጀመሩ።

"ዛሬ ዳኛ አልጠራንም" አለችኝ በበሩ ውስጥ። "አባቴ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ይጠብቅ፣ ይህን መስመር ልጨርስላቸው።"

ጣሳዬን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ።